የሕዝብ መሬት፣ የተዘጋ መዝገብ

ከአፉላ ኢሊት ቁልቁል ሲያዩ ዓይን የሚሞላው ማሳ ነው። ሰፈሩ በጊቭአት ሃሞሬ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ፣ አሳንሰር ከሌለው ያረጀ ሕንፃ በረንዳ እንኳ የዔሜክ፣ ማለትም የኢይዝራኤል ሸለቆ፣ ስንዴ፣ ጥጥና የሱፍ አበባ ይታያል። በየበረንዳው ቡና የሚያፈሉት የቤተ እስራኤል እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ ጎንደር ውስጥ እርሻ ላይ ያደጉ ናቸው። ከታች ያለውን መሬት ከመካከላቸው የሚያርሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

መሬቱ የግል ቢሆን ኖሮ፣ የሰው ሀብት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን አይደለም። በእስራኤል ካለው መሬት 93 በመቶ ያህሉ የመንግሥት፣ የልማት ባለሥልጣንና የኬረን ካየሜት (የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ) ነው። የሚያስተዳድረው ደግሞ ሁላችንም ሚንሃል የምንለው፣ ከ2013 ወዲህ በሕግ ስሙ የእስራኤል መሬት ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያዎቹ ላይ ዓ.ም. አለ።) ስለዚህ የማሳው ባለቤት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም፤ መልሱ የታወቀ ነው፣ ሕዝብ ነው። የሚያጣላው ሌላ ነው፦ መዝገቡ መቼ ተከፈተ? ማን ተጻፈበት? ከዚያ ወዲህስ ለአዲስ ሰው ይከፈታል? የዔሜክ መዝገብ ከተዘጋ ቆይቷል።

የመዝገብ ነገር በዚህ ሜዳ ከእስራኤል መንግሥትም ይቀድማል። የኦቶማን መንግሥት በ1858 የመሬት ሕግ ሲያወጣ መሬት በስም እንዲመዘገብ አዘዘ። ብዙው ገበሬ ግብር ይጨመርብኛል፣ ልጄ ለወታደርነት ይወሰድብኛል ብሎ ከመዝገብ ሸሸ፤ ስሙን ያስገባው ሌላ ሆነ። የዔሜክ ሰፊ መሬት በዚያ ዘመን የቤይሩት ባለጸጋ በነበረው የሱርሶክ ቤተሰብ እጅ ገባ። በ1910 ኢየሆሹዓ ሐንኪን ወደ 10,000 ዱናም የሚሆነውን የኤል ፉላ መሬት ከእነሱ ገዛ። የናዝሬቱ የኦቶማን ገዥ ሹክሪ አል-አሳሊ ሽያጩን ለማገድ ታገለ፤ አልቻለም። መሬቱን ሲያርሱ የኖሩት አረብ ጭሰኞች ለቀው ወጡ፤ በ1911 እዚያው ላይ መርሐቪያ ተቆረቆረ፣ በ1925 ደግሞ በአቅራቢያው አፉላ። ጭሰኞቹ ከአባት ወደ ልጅ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ አንድ ወረቀት አልነበራቸውም። ይህን ታሪክ ለጎንደር ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት በሐሳብ ደረጃ ከኦቶማኑ ይሻላል። በ1901 ባዝል ላይ የተመሠረተው ኬረን ካየሜት መሬት ይገዛል እንጂ አይሸጥም። በ1920 ለንደን ላይ የተሰበሰበው የጽዮናውያን ጉባኤም መሬቱ የሕዝቡ የጋራ ሀብት ሆኖ እንዲቆይ፣ ለሚሠራበት ሰው በውርስ በሚተላለፍ ኪራይ እንዲሰጥ ወሰነ። የኪራዩ ልክ 49 ዓመት የሆነው ከኢዮቤልዩ ሕግ ተወስዶ ነው፤ ይህን ቄሶቻችን ከማንም ጠበቃ ይልቅ ያውቁታል። በ1960 ክኔሴት መሠረታዊ ሕግ አውጥቶ የመንግሥትና የኬረን ካየሜት መሬት እንዳይሸጥ አሰረው። በ2009 የወጣው ማሻሻያ ይህን እስር ለከተማ ሰው አላላው፤ በሚንሃል መሬት ላይ ቤት ያለው ሰው በባለቤትነት የሚመዘገብበት መንገድ ተከፈተ። የእርሻ መሬት ግን እስከ ዛሬ በኪራይ ብቻ ነው።

ኪራዩ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። በሞሻቭ (የኅብረት ሥራ የእርሻ መንደር) ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው መሬት ናሐላ ይባላል፤ የመኖሪያ ግቢውም ማሳውም አብረው ናቸው። ቤተሰቡ ውሉን በቀጥታ ከሚንሃል ጋር የማይዋዋልበት ሞሻቭ ብዙ ነው። ውሉ የሦስትዮሽ ነው፦ ሚንሃል መሬቱን ይሰጣል፣ ሶኽኑት (የአይሁድ ኤጀንሲ) አስፋሪ ሆኖ መካከል ይገባል፣ የሞሻቩ ማኅበር ይቀበላል። ቤተሰቡ በሕግ ዓይን ፈቃድ የተሰጠው ሰው ብቻ ነው። ውሉ ራሱ ብዙ ጊዜ የሦስት ዓመት ውል ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል፣ ሲያልቅ ይታደሳል፣ እንዲህ እያለ ሦስትና አራት ትውልድ ይሄዳል። ናሐላ አይከፋፈልም። ወላጆች አምስት ልጅ ቢኖራቸው አንዱን ብቻ ቀጣይ ልጅ ብለው ይሰይማሉ፤ የቀሩት ከተማ ይገባሉ። በ1967 የወጣው የእርሻ ሰፈራ ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ መሬቱን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ማከራየትን ይከለክላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሦስት ዓመት ወረቀት የያዘ ገበሬ በአገሩ ካሉት ሁሉ ተደላድሎ የተቀመጠ ገበሬ ነው። የሚያቆመው ወረቀቱ ሳይሆን ከኋላው ያለው ማኅበር፣ ከማኅበሩ ኋላ ያለው የሞሻቮች ንቅናቄ፣ ክልላዊ ምክር ቤቱና ክኔሴት ውስጥ ያለው የእርሻ ወገን ነው። ሕጉ የከለከለው ነገርም በተግባር አለ። ራሳቸው ማረስ የተዉ ቤተሰቦች መሬታቸውን ለትልልቅ አምራቾች ያስይዛሉ፤ አንድ ሰው የብዙ ጎረቤቶቹን ማሳ ሰብስቦ በአንድ ኮምባይን ያጭዳል። ይህ በእኛ ቋንቋ የእኩል እርሻ የቅርብ ዘመድ ነው። ማለትም መዝገቡ ላይ ያለውና ማሳው ላይ ያለው ሰው ከተለያዩ ቆይተዋል። መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው ግን ያንን ማሳ ልያዘው ቢል የሚጠይቅበት መስኮት የለም።

መስኮቱ አንድ ጊዜ በሰፊው ተከፍቶ ነበር። በ1950ዎቹ መንግሥት ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኩርዲስታን የመጡ ቤተሰቦችን በብዛት ወደ አዳዲስ ሞሻቮች ላከ። ከ1954 ጀምሮ ብዙዎቹን ከመርከብ እንዳወረደ በቀጥታ ወደ መንደር ወሰዳቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሱቅ ጠባቂዎች፣ ብር ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ እርፍ ጨብጠው አያውቁም። በሌሊት ወርደው ባዶ ሜዳ ላይ የተተዉበት መሪር ትዝታ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ያንን ዘመን የደስታ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ቢሆንም መሬት ደረሳቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የያዙት ናሐላ በሚሊዮን ሼቄል የሚገመት ነው።

ሠላሳ ዓመት አለፈና ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በ1984፣ በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በግንቦት 1991 የመጡት ሰዎች በአብዛኛው ገበሬዎች ነበሩ። ጥማድ በሬ ይዘው፣ ጤፍና ዳጉሳ ዘርተው፣ አረም አርመው፣ አውድማ ጠርገው የኖሩ። እነሱን ግን መርካዝ ክሊታ (የመጤዎች መቀበያ ማዕከል) ተቀበላቸው፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካና ወደ ጽዳት ሥራ ገቡ። ገበሬ ያልነበረውን ገበሬ ያደረገ አገር ገበሬውን ከእርሻ አወጣ። ይህን የምለው ሴራ ነበር ለማለት አይደለም። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። በ1984 የእስራኤል የዋጋ ንረት 400 በመቶ ተሻግሮ ነበር፤ በ1985 በወጣው የማረጋጊያ ዕቅድ ወለዱ ሰማይ ሲነካ በብድር የኖሩት ሞሻቮችና ኪቡጾች ተንኮታኮቱ። የሞሻቮቹን ዕዳ ለማስተካከል በ1992 የጋል ሕግ የሚባል ልዩ ሕግ እስከማውጣት ተደርሷል። ያለውን ገበሬ ማዳን ያቃተው መንግሥት አዲስ ገበሬ ሊያሰፍር አልቻለም። የእኛ ሰው የመጣው መዝገቡ በተዘጋበት ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በምትኩ የተሰጠው ማሽካንታ፣ የቤት ብድር፣ ነበር። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልዩ የቤት መግዣ ድጋፍ ሰጠ። በርካታ ቤተሰብ ከካራቫን የወጣው በእሱ ነው፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገዛው በረከሰ ሰፈር ያለ አፓርታማ ሆነ። አፉላ ኢሊት፣ ኪሪያት ማልአኺ፣ ኪሪያት ጋት፣ ኪሪያት ሞሼ በሬሖቮት... ዝርዝሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አፓርታማ መጠለያ ነው፤ የማምረቻ ሀብት አይደለም። ናሐላ ግን መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ትርፍም ነው።

ወደ ኋላ ሄደን ጎንደርን ስናይ ነገሩ ይከብዳል። በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜን ቤተ እስራኤል ርስት አልነበራቸውም ወይም ጥቂት ነበራቸው፤ በሌላው ርስት ላይ በሲሶና በእኩል ያርሱ ነበር። ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያወጣል፣ ሴቷ ጋንና ድስት ትሠራለች። ማረሻውን የሚሠራው ሰው መሬት የለውም፣ መሬት ያለው ደግሞ ማረሻውን ከእሱ ይገዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ ይሰጥ ሲል ቤተ እስራኤልም በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ተመዘገቡ። መሬት በስማቸው ያገኙት በዚያን ጊዜ ነው። ይህ ያስቆጣቸው የቀድሞ ባለርስቶች ነበሩ፤ ደርግን በወጋው የኢዲዩ ድርጅት ጦርነት ጊዜ በአካባቢው ያሉ መንደሮች ተጠቁ። በሱዳን መንገድ የሄዱት ያንን መሬት ያጨዱት አሥር ክረምት ላልሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥለውት ወጡ። ዛሬ አፉላ ላይ የተቀመጠ የ80 ዓመት አባት በሁለት አገር በሦስት የመሬት ሥርዓት ውስጥ አልፏል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ መሬት የሕዝብ ነው ይላሉ፤ እሱ መዝገብ ላይ የነበረው በመካከሉ ባለችው አጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና አከፋፈለ፤ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ፣ «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» የተባሉት ቁስሉን ዛሬም ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ያኔ ሕፃን የነበረው አሁን የልጆች አባት ነው፤ የሚያርሰውም ወይ የአባቱን ሽራፊ፣ ወይ የአንዲት አቅመ ደካማ ባልቴት መሬት በእኩል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ከሞሻቩ የሦስት ዓመት ወረቀት በላይ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ልማት መጣ ሲባል ባለ ደብተሩ ብቻውን ነው የሚቆመው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ዓ.ም. ለተነሺ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ምርቱን አሥር እጥፍ ካሳ ይሰጥ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዓ.ም. ከሦስቱ ዓመት ከፍተኛው ተወስዶ አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። ሁለቱም የሚያሰሉት የእህሉን ዋጋ ነው። መሬቱ ነገ ኮንዶሚኒየም ወይም ሆቴል ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ ውስጥ ገበሬው ድርሻ የለውም።

መዝገቡ ለማን እንደሚከፈት ደግሞ ጋምቤላ አሳይቷል። በአገሩ ወጣቱ ሩብ ሄክታር አጥቶ ሳለ ካሩቱሪ የተባለ የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ዱናም፣ ለ50 ዓመት በሄክታር በዓመት 20 ብር ተከራየ። ከያዘው መሬት ጥቂቱን ብቻ አለማ፤ በ2015 መጨረሻ ውሉ ተሰረዘ። ሚንሃል በብዙ ነገር ይታማል፤ እንዲህ ያለ ውል ግን ዔሜክ ላይ አልፈረመም።

እስራኤል ውስጥ ከእርሻ ወደ ከተማ የሚለወጥ መሬት ላይ የሆነው የኢትዮጵያው ተቃራኒ ነው፤ በ1990ዎቹ ገበሬው ከሚገባው በላይ አገኘ። ከሶቪየት ኅብረት ለመጣው ሕዝብ ቤት ለመሥራት የእርሻ መሬት ሲፈለግ ሚንሃል ኪራያቸውን ለሚለቁ ሞሻቮችና ኪቡጾች ከአዲሱ የከተማ ዋጋ ጠቀም ያለ ድርሻ የሚሰጡ ውሳኔዎችን አሳለፈ፤ ቁጥራቸው 717፣ 727 እና 737 ነበር። ከምሥራቅ አገሮች የመጡ አይሁዶች ልጆች ያቋቋሙት «የምሥራቃውያን ዴሞክራሲያዊ ቀስተ ደመና» የተባለ ማኅበር በ2000 ወደ ባጋትዝ፣ ከፍተኛው የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ ሄደ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ትርፉ በኪራይ ለያዘው ብቻ ለምን ይሄዳል? ከተማ ውስጥ በሕዝብ ቤት የሚኖረው ተከራይስ? ነሐሴ 29 ቀን 2002 ፍርድ ቤቱ ሦስቱንም ውሳኔዎች ሻረ፤ የሕዝብ መሬት ሲታደል ፍትሐዊ ክፍፍል መታሰብ አለበት አለ። የሕዝብ መሬት ለገበሬ ማከራየትን በተመለከተ በዚህ አገር ከተሰጡት ፍርዶች ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ሆኖም ፍርዱ የትርፉን በር አጠበበ እንጂ የመዝገቡን በር አልከፈተም። የድርሻ ጥያቄውን ያነሡት የሞሮኮና የኢራቅ ልጆች ናቸው፤ እኛ ያኔ ገና ከካራቫን እየወጣን ነበር።

አፉላ ራሷ ስለ መሬት ስትጮህ የሰማነው በ2015 መጨረሻ ነው። ሚንሃል አፉላ ኢሊት ውስጥ ለቤት መሥሪያ ያወጣውን ጨረታ፣ ከ40 በላይ ቦታ፣ ከአካባቢው መንደሮች የመጡ አረብ ቤተሰቦች አሸነፉ። ሰልፍ ወጣ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰልፉ ላይ ስለ ሰፈሩ መልክ ብዙ ተባለ። ከእነዚያ ቦታዎች በታች ስለተዘረጋው ማሳ፣ ያንን ማን በስንት እንደተከራየው፣ አፉላ ኢሊት ያለ ሰው አይሁድም ሆነ አረብ ለምን ሊወዳደርበት እንደማይችል አንድ ቃል አልተነሣም። ለቤት የሚሆን ቦታ ጨረታ አለው፤ ማሳው የለውም። የአጎራባቾቹ የአረብ መንደሮች የሱላምና የነዒን ወጣትም፣ የእኛም ወጣት ከዚህ አንጻር እኩል ውጭ ቆመው ነው ያሉት።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ ደግሞ ሌላ ዓይነት እርሻ አለ። የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች በሚኖሩበት ሰፈር ሁሉ እንደሚታየው፣ በመኪና ማቆሚያውና በአጥሩ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ በቆሎ፣ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ይተከላል፤ ጌሾ ያበቀሉም አሉ። አጥሩ የአልጋ ሽቦና የተጣለ በር ነው፣ ውኃው ከቤት በባልዲ ይወርዳል። አንዳንዱ ከተማ ይህን የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ ብሎ ሥርዓት አስይዞታል፤ ሌላው በየጊዜው ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለጤናም ለመንፈስም ጥሩ ነው። ግን በዚህ መርካት አይገባም። ሃያ ካሬ ሜትር ጎመን ለሽማግሌ መዝናኛ እንጂ ለልጁ ሥራ አይሆንም፤ ባለሥልጣናት ሪባን እየቆረጡ ፎቶ የሚነሡበት የአትክልት ቦታም የመሬት ፖሊሲ አይደለም።

ልጁ ማረስ ይፈልጋል ወይ? ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይቀርባል፤ ተገቢም ነው። አብዛኛው አይፈልግም። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ሃይቴክ፣ ነርስነት፣ ሕግ ይመርጣል፤ ደግ አደረገ። ግን የሞሻቭ ልጅም አብዛኛው አይፈልግም፤ ልዩነቱ ከአምስቱ አንዱ የሚፈልግ ቢገኝ መሬቱ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። በእኛ በኩል ከመቶው አንዱ ቢፈልግ የሚሄድበት የለም። ናሐላ ልግዛ ቢል ዋጋው አይቀመስም። በገሊላና በኔጌቭ ትናንሽ መንደሮች ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ሕጋዊ የሆኑት፣ በ2023 ሥልጣናቸው የሰፋው የመቀበያ ኮሚቴዎች አሉ፤ ከቤት ዋጋ በፊት የእነሱን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ ገበሬ በር በመክፈት ረገድ እንግሊዝ አገር አንድ የሚስብ ነገር አለ። በ1892 እና በ1908 በወጡ ሕጎች የአውራጃ ምክር ቤቶች መሬት እየገዙ መሬት ለሌለው ሰው በትንንሹ ማከራየት ጀመሩ። ዓላማው ጀማሪ ገበሬ እዚያ ገብቶ አቅም እንዲያገኝና በኋላ ሰፋ ወዳለ እርሻ እንዲሻገር፣ ቦታውም ለቀጣዩ እንዲለቀቅ ነበር። ብዙ ምክር ቤቶች ገንዘብ ሲቸግራቸው ሸጡት፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መሬቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል። የቀረው ግን እስከ ዛሬ በማስታወቂያ ይወጣል፣ ማንም ያመለክትበታል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ኪራዩ የሚያልቅ ኪራይ ነው፣ ሲያልቅም ተራ ይከፈታል።

ሚንሃል ይህን የሚመስል መሣሪያ በእጁ አለው። ከናሐላው ሌላ ለሰብልና ለግጦሽ በወቅት ወይም ለአጭር ጊዜ የሚያከራየው መሬት አለ፤ የቋሚ መብት የማያስገኝ፣ ቤት የማይሠራበት። ይህ መሬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀድሞ ለያዘውና በአካባቢው ላለ ገበሬ ነው። ከዚያ ላይ በየዓመቱ ጥቂቱን ናሐላ ለሌለው አመልካች ብቻ በግልጽ ማስታወቂያ ማውጣት አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ የሚንሃል ምክር ቤት ውሳኔ ይበቃዋል፣ 717ንም 727ንም ያወጣው ይኸው ምክር ቤት ነውና። የሞሻቭ ንቅናቄው እንደሚቃወም አያጠራጥርም፤ የሚለውም ከወዲሁ ይታወቃል፦ ትንንሽ ማሳ አያዋጣም፣ ልምድ የሌለው ሰው መሬቱን ያበላሻል። የመጀመሪያው ክርክር እውነትነት አለው፤ 30 ዱናም ስንዴ ቤተሰብ አያኖርም። ስለዚህ ጥያቄው ለስንዴ መሆን የለበትም። በየኢትዮጵያ ሱቁ የሚሸጠውን፣ ቃሪያውን፣ ጌሾውን፣ ቅመማ ቅመሙን፣ የሀበሻ ጎመኑን ለማምረት ጥቂት ዱናም ይበቃል፤ ገዢው እዚሁ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛውን ክርክር ግን ከ1950ዎቹ ታሪክ በኋላ ማንም ሞሻቭ በድፍረት ሊያነሣው አይገባም።

ይህን የሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። በዚህ አገር በ1959 ሕግ ውኃም የሕዝብ ነው፣ እሱም በኮታ ይታደላል፣ ለእርሻ የሚሆነው ውኃ ዋጋውም ከቤቱ ይለያል። የዔሜክ የውኃ ኮታ የተደለደለው በአብዛኛው ከመሬቱ ጋር ለሞሻቮቹና ለኪቡጾቹ ነው። መሬት ብቻ አግኝቶ ውኃ ያላገኘ ሰው በክረምት ዝናብ ሽምብራ ሊዘራ ይችል ይሆናል፤ ቃሪያና ጎመን ግን በሐምሌ ፀሐይ ይሞትበታል። ስለዚህ ወደ ሚንሃል የሚጻፈው ማመልከቻ ለውኃ ባለሥልጣንም በአንድ ቀን መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ መሥሪያ ቤት ውኃ የለህም ብሎ መሬት ይከለክላል፣ ሌላው መሬት የለህም ብሎ ውኃ ይከለክላል።